የሞላሰሱ ልክ

የባሌን ታላቅ እህት ፊት ለፊት «እትዬ» እላታለሁ። አንቱም እላታለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሷ ናት። በገዛ ወረቀቴ ይህችን ያህል መብት ይኑረኝ።

ልናገር የፈለግሁት ስለ አንድ ተክል ነው። ያለ እሷ ግን አይነገርም።

ዋሽንግተን አጠገብ ክሪስታል ሲቲ ውስጥ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላ ሳጥፍ ኖሬአለሁ። ጡረታ የወጣሁ ቀን ኬክ ቆርሰው ሸኙኝ፤ ሥራው ግን ከጣቶቼ አልወጣም። ጠዋት ስነሣ ግትር ይላሉ፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት ያቅተኛል። ሐኪሜ ያዘዘችልኝ ኪኒን እጄን ሳያሽለኝ ጨጓራዬን ላጠው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቴ አጥር ማዶ አንድ ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ ይኖራል። ባሌ ከሞተ ወዲህ በረዶ በጣለ ቁጥር ሳልጠይቀው ደጄን የሚጠርግልኝ፣ ብዙ የማያወራ አሜሪካዊ ነው። አንድ ቀን ጓሮ ቁጭ ብዬ ከክዳን ጋር ስታገል አየኝና በትንሽ ብልቃጥ አረንጓዴ ቅባት አቀበለኝ። ሳምንት ተቀባሁት። ጣቶቼ ታጠፉ። ምን እንደሆነ የጠየቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ካናቢስ ነው አለኝ፤ ጓሮው ውስጥ ያበቀለው።

ደነገጥኩ። በልጅነቴ ሬዲዮው ዕፀ ፋርስ እያለ የሚጠራው፣ ሁልጊዜ ከፖሊስ ጋር አብሮ የሚነሣ ነገር ነው። እኔ ደግሞ በሰው ቃል ብቻ የምሄድ ሰው አይደለሁም። ላይብረሪ ሄጄ ሕጉን ፕሪንት አስደረግሁ፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሜሪላንድ ውስጥ ለአንድ ቤት ሁለት ተክል ይፈቀዳል፣ ከመንገድ እስካልታየና ልጅ እስካልደረሰበት። ወረቀቱን ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት፤ ዛሬም እዚያው አለ። ጎረቤቴ በእርጎ ኩባያ አንድ ችግኝ ሰጠኝ። ከጋራዡ ጀርባ ፀሐይ የሚያገኝ፣ የእንጨት አጥሩም የሚከልለው ቦታ ነበረኝ። እዚያ ተከልኩት፤ ዙሪያውን በሽቦ አጠርኩና ቁልፍ አደረግሁበት።

ኦገስት ላይ አበባው ማቆጥቆጥ ሲጀምር ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትልቅ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው አንድ ጥቁር ጠርሙስ አሳየኝ። ሞላሰስ ነው። ሳቅሁበት። ምን እንዳሳቀኝ ግን ልነግረው አልቻልኩም፤ ነገሩ ረጅም ነው።

የተወለድኩት በስኳር ፋብሪካ ሰፈር ነው። ሞላሰስ ማለት ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ ነው። በበጋ አቧራው እንዳይነሣ በቦቴ መንገድ ላይ ይረጩታል። እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጫማችን እየተጣበቀ፣ እግራችንን እየነቀልን ነበር የምንሄደው። ለከብትም ይሰጣል። አባቴ ለአንዲቱ ላማችን በቆርቆሮ ያመጣና በብዙ ውኃ በጥብጦ ጭዱ ላይ ያርከፈክፈው ነበር። ከላሜ ብዙ ወተት አገኛለሁ ብሎ ሳይበጠብጥ የሚደፋላት ጎረቤት ነበረን፤ የሱ ላም ሆዷ ተነፍቶ ስታቃስት እንሰማለን። አባቴ፣ «ሞላሰስ ምግብ አይደለም፤ ጭዱን የሚያስበላ ነው» ይል ነበር።

ፖስታ አዳዩም የነገረኝ ይኸንኑ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ተክሉን አይቀልብም፤ አፈሩ ውስጥ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ነው የሚቀልበው። እነሱ ሲጠግቡ አፈሩን ለሥሩ ያዘጋጁለታል። ልኩም እንዲህ ነው፤ ለአንድ ጋሎን ለብ ያለ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሞላሰስ፣ በሳምንት አንዴ፣ አበባ ከያዘ በኋላ። በመካከሉ ሲጠማው ንጹሕ ውኃ ብቻ። ሊቆረጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሞላሰሱ ጭራሽ ይቆማል። ሰልፈር የገባበት ሞላሰስ አይሆንም፤ ሰልፈሩ እነዚያኑ ነፍሳት ይገድላል።

በዚያ ልክ ሄድኩ። ኦክቶበር ላይ የቆረጥኩት አበባ እንደ ክንዴ ወፍራም ነበር ብል ማንም አያምነኝም፤ ስለዚህ አልልም። ጥሩ ነበር። አድርቄ፣ በዘይት አብስዬ፣ አጥልዬ፣ ከሰም ጋር ቅባት አወጣሁበት። አላጨስኩትም፤ ማጨስም አላውቅም። በሰባ ዓመቴ ክዳን ከፍቼ እበላለሁ፣ ይበቃኛል።

ወሬው እንዴት ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ እንደደረሰ አላውቅም። እሷ ዘንድ ግን ደረሰ። በማኅበሯ ሴቶች ፊት፣ «የወንድሜ ሚስት ሀሺሽ ማብቀል ጀምራለች፤ የሸንኮራ አገዳ ልጅ መቼም ከጣፋጭ ነገር አትርቅም» ብላ እንዳሳቀች አንዷ ሳትውል ሳታድር ደውላ ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ወሬ የሚያቀብሉ ሴቶች ምን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

የሸንኮራ አገዳ ልጅ የምትለኝ ገና ሙሽራ ሆኜ ከመጣሁ ጀምሮ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት የኖርነው አሌክሳንድሪያ ባለው ቤቷ ምድር ቤት ነው። እሷ ከአዲስ አበባ ከደኅና ቤት የወጣች፣ የተማረች ናት፤ ወንድሟ ከፋብሪካ ሰፈር ማግባቱ አልተዋጠላትም። ከምድር ቤቷ ወጥተን ሲልቨር ስፕሪንግ የራሳችንን አፓርትመንት ስንይዝ ዘመድ ሁሉ እንጥራ አልን። ጠጁን እኔ እጥላለሁ አልኩ፤ አልፎልኝ መታየት ፈልጌ ነበር። ጠጅ ጥዬ ስለማላውቅ እሷን ጠየቅሁ። ማሩን፣ ውኃውን፣ ጌሾውን በልኩ ነገረችኝ፤ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ጌሾው በአምስተኛው ቀን መውጣት እንዳለበት ግን አልጻፈችም። እኔም እስከ ግብዣው ቀን ተውኩት። አርባ ሰው የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀመሰና አስቀመጠ። እሷ ከሶፋው ላይ ሆና፣ «ምነው፣ ኮሶም ጨመርሽበት እንዴ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ባሌ ብቻ ብርጭቆውን ጨርሶ፣ «ይጠጣል» አለ። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር፤ ከዚያ በላይ አልተከራከረልኝም።

አንድ ነገር አጉድላ መስጠቷን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ አንዲት ጠጅ የምትጥል ሴት አጣጣሉን ስታሳየኝ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። አንዳንድ ሴቶች የሙያቸውን ምስጢር ሲሰጡ አንዲት ነገር ለራሳቸው ያስቀራሉ፤ ተጠያቂ አያደርጋቸውም፤ ምክንያቱም አልዋሹም። እኔም ይህንን ትምህርት ከሷ ወስጃለሁ።

ባለፈው ዓመት ኦገስት ስልኬ ጮኸ። ቁጥሯን ሳይ የሰው መርዶ መሰለኝ።

የስኳር በሽታዋ እግሯን እንደያዘው ሰምቼ ነበር። ውስጥ እግሯ ፍም እንደረገጠ ያቃጥላታል። መቆም ስለማትችል ቅዳሴ ከተወች ሰባት ወር ሆኗታል፤ ለሷ ከሞት አይሻልም። ሐኪሟ ካናቢስ ሊረዳት እንደሚችል ነግሯታል። መድኃኒቱ የሚሸጥበት ሱቅ ከቤቷ ሩቅ አይደለም፤ ግን በሩ ፊት ለፊት የሐበሻ ግሮሰሪ አለ። «ሰው ቢያየኝስ?» ብላ እግሯ ቢቃጠል መርጣለች። ስለዚህ ልጇ ችግኝ አምጥቶ ከኋላ በረንዳዋ ላይ በትልቅ የአበባ መትከያ ተከለላት። ቨርጂኒያም ቤት ውስጥ ማብቀል ተፈቅዷል። ልጇ ግን ሥራው ቺካጎ ነው፤ ተክሎላት ሄደ። ተክሉ አበባ ይዞ ቀጭጮ ቀረ።

ይህን ሁሉ በስልክ ነገረችኝ። ከዚያ፣ «አንቺ ይሆንልሻል አሉ» አለች።

ከሰው አፍ የሰማችው አስመሰለችው። ቢሆንም ሄድኩ።

ከቤቴ ቅባት ይዤላት መሄድ እችል ነበር ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይኖራል። አልችልም፤ ከአንድ ስቴት ወደ ሌላው ማሻገር ክልክል ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ ብል አላፍርም። በኮሮላዬ ቤልትዌይ የሚሉትን ቀለበት መንገድ ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ የሄድኩት አንድ ጠርሙስ ሞላሰስ ብቻ ይዤ ነው። እሱን የትኛውም ፖሊስ ቢያይ ኬክ ልትጋግር ነው ይላል።

ከዘራ ይዛ በረንዳው ላይ ጠበቀችኝ። ተክሉ ላይ እዚያ ሕጉ እንደሚያዝዘው ስሟ የተጻፈበት ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ከሩቅ የማኅበር ሊቀመንበር ይመስል ነበር። አፈሩን ነካሁ፣ ቅጠሉን ገለበጥኩ። በሽታ የለበትም። መትከያው ውስጥ ያለው አፈር ነው የደከመው። በልጇ በኩል የመጣ ማዳበሪያ ነበር፤ ጥቂት ጨመርኩለት። ከዚያ ሞላሰሱን አወጣሁ።

«ይኼ ለከብት የሚሰጠው አይደለም?»

«እሱው ነው፣ እትዬ።»

«አሁንማ ወደ አገርሽ ነገር ገባሽ» አለች።

ለብ ባለ ውኃ በጠበጥኩ፤ በማንኪያ ለካሁላት። ለአንድ ጋሎን አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አልኳት። ስለ ሰልፈሩም ነገርኳት። ሊቆረጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንዲቆምም ነገርኳት። በመካከሉ ንጹሕ ውኃ ብቻ መሆኑን ግን አልነገርኳትም።

ረሳሁ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ሰርዤዋለሁ። አልረሳሁም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያን ጊዜ፣ «ምነው፣ አንድ ማንኪያ ብቻ?» ብላ በጎን አየችኝ። አርባው ሰው፣ አርባው ብርጭቆ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ቦርሳዬን አነሣሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር፤ አልከፋኝም፣ በደስታ ነው የጠበቅሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ደወለች። በዚህ ጊዜ ዙሪያ አልዞረችም። «ልጄ፣ ሊሞትብኝ ነው» አለች። ልጄ ብላኝ አታውቅም።

ስደርስ ገና ከሳሎኗ ሽታው ተቀበለኝ፤ ጠላ የተገለበጠበት ቤት ይመስላል። መትከያው ላይ ትንኝ እንደ ጭስ ይነሣል። ጉንዳን ከበረንዳው ስንጥቅ ጀምሮ መስመር ሠርቷል። ተክሉ ቅጠሉን ጥሎ፣ ስሟን አንጠልጥሎ አጎንብሷል። አፈሩ ላይ ጣቴን ብጫን ተጣበቀብኝ፤ ያ የልጅነቴ መንገድ ነው።

«ስንት ማንኪያ ነው የሚያደርጉት?» አልኳት።

ከዘራዋን አየች። «አራት።»

«አንድ አላልኩዎትም?»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ?»

«ልኩን የምትነግሪኝ አልመሰለኝማ» አለች። «እኔ ብሆን አልነግርሽም።»

እንዲህ ያለ እውነት ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ባሌ ቢኖር ይሰማ ነበር። ተቀመጥኩ። አራት ማንኪያ፣ ያውም በየሁለት ቀኑ፣ ውኃ በሚጠጣ ቁጥር፣ ምክንያቱም በመካከሉ ንጹሕ ውኃ አጠጪ ያላት የለም። አራቱ ማንኪያ የሷ ነው፤ በየሁለት ቀኑ የኔ ነው። የአባቴ ጎረቤት ላም ትዝ አለችኝ፣ የተነፋችው። ላሚቱ ምን አድርጋ ነበር?

እሷ ደግሞ ካልሲዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ቀዝቃዛው የበረንዳ ሲሚንቶ ላይ አሳርፋ ነበር። እንደዚያ ካላደረገች ቁጭ ማለት እንኳ አትችልም። ጣቶቿ አብጠዋል፤ አንዱ ጥፍሯ ጠፍቷል። ስምንት ወር በምድር ቤቷ ስኖር ይህ እግር ከጣራው በላይ ሲራመድ እሰማው ነበር፤ በረገጠ ቁጥር ምን አጥፍቼ ይሆን እል ነበር። አሁን ወደ መታጠቢያ ቤት እንኳ ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። ይህ ተክል ከሞተ እስከሚቀጥለው በጋ ሌላ የለም። ወደ ሱቁም አትሄድም፣ አውቃታለሁ። ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ ልትቃጠል ነው።

«እኔም አንድ ነገር አስቀርቻለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ስለ ንጹሑ ውኃ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ለቁጣዋም መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት የተዘጋጀ መልስ ነው። ግን አልተቆጣችም። በከዘራዋ ጫፍ የጉንዳኑን መስመር አቋረጠችው።

«ጌሾውን በአምስተኛው ቀን አውጪው ማለት ነበረብኝ» አለች።

«አውቄዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሃያ ዓመት ይሆነዋል።»

«ሃያ ዓመት አውቀሽ አንድ ቀን አልነገርሽኝም?»

«ለምን እነግርዎታለሁ?»

ሳቀች። በከዘራዋ ላይ ተደግፋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሳላስበው እኔም ሳቅሁ። ይቅርታ ግን አላለችም። እኔም አላልኩም። የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። የተጣበቀውን የላይኛውን አፈር በሾርባ ማንኪያ ጫርኩና በከረጢት ጣልኩት። ጉንዳኑን በፈላ ውኃ መንገዱ ላይ አባረርኩ፣ ከመትከያው ርቄ። ከዚያ ባልዲ ባልዲ ንጹሕ ውኃ አፈሩ ላይ አፈሰስኩ። ከሥር ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ትቆጥራለች፤ «ስድስት... ሰባት... አሁን ነጣ ነጣ አለ» ትለኛለች። ዘጠነኛው ላይ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ከዘራዋን ግድግዳ አስደግፋ ተነሣችና የባልዲውን ጆሮ ያዘች። አንድ ባልዲ ለሁለት ተሸከምን። እንደሚያማት አውቃለሁ፤ ተይ አላልኳትም። ይገባታል ብዬም፣ ያስደስታታል ብዬም ነው። ሁለቱም።

አሥር ቀን አንድም የሞላሰስ ጠብታ እንዳትሰጠው አዘዝኳት። በየማለዳው ደውላ ሪፖርት ታደርጋለች። ቅጠሉ አልተነሣም፤ ግማሹ ተነሣ፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሞተ፤ ትንኙ ጠፋ። እስከ ሰባ ዓመቴ ድረስ ከሷ ጋር እንዲህ በየቀኑ አውርተን አናውቅም፣ ባሌ በሕይወት እያለ እንኳ። ወሬያችን ስለ ተክሉ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ይመቻል።

ኦክቶበር ላይ የተረፈውን ግማሹን ቆረጥን። የኔን ያህል አይደለም፤ ይህን ሳልጽፍ አላልፍም። ግን በቂ ነበር። በሷ ወጥ ቤት፣ በሷ ድስት፣ ከዘይት ጋር አብስለን ቅባቷን አወጣን። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልሆነችም፤ ውሸት ነው ብላ ተናደደች። በሁለተኛው ሳምንት ካልሲ ማድረግ ቻለች። ኖቬምበር ማለቂያ ላይ ቅዳሴ ቆማ ደወለችልኝ፤ እስከ ወንጌሉ ድረስ ቆሜአለሁ፣ ከዚያ ተቀመጥኩ አለችኝ። ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። ግን ግድግዳ ይዛ መሄድ ትታለች።

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ችግኝ ልናወርድ ሄጄ ነበር፤ በዚህ ዓመት ሁለት ልትተክል ነው። አፈሩን ሳደባልቅ ስልኳ ጮኸ። የማኅበሯ ሴት ናት፣ አናንዴል የምትኖር። የጉልበት ሕመምተኛ ናት፤ እሷም በረንዳዋ ላይ አብቅላለች። በስፒከር ነበር የምታወራው፤ ጆሮዋ ደክሟል። ሴትዮዋ እባክሽ ልኩን ንገሪኝ ስትል፣ እሷ ወንበሯን አስተካክላ፣ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ራሷ ያገኘችው አስመስላ ጀመረች። ለአንድ ጋሎን አንድ የሾርባ ማንኪያ። ለብ ባለ ውኃ። ሰልፈር የሌለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ። ሊቆረጥ ሁለት ሳምንት ሲቀር ይቆማል።

«ሌላስ?» አለች ሴትዮዋ።

«በቃ፣ ይኼው ነው» አለች እሷ፣ ዓይኗን ከኔ አሽሽታ።

አፈሩን ከእጄ አራገፍኩ።

«በመካከሉ ንጹሕ ውኃ ብቻ!» አልኩ፣ ስልኩ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ስልኩን በደረቷ ሸፈነችው። «ማን ጠየቀሽ አንቺን?» አለች በሹክሹክታ።

«ማንም አልጠየቀኝም፣ እትዬ» አልኳት፤ ወደ አፈሬ ተመለስኩ።